ሕግ የፈቀደው ጉቦ፦ የአሜሪካ ፓርቲዎች ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ባለታክሲው (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን ሆዴ አልችል ስላለ ልጻፍ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እንዳትደናገሩ።

ዲሲ ታክሲ ስነዳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በ2009 የሆነውን ያኔ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፈቃድ ለማግኘት ለታክሲ ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ጉቦ ሰጥታችኋል ተብለው ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች ተከሰሱ። ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። ሊቀመንበሩ ለካ ለኤፍቢአይ አሳውቆ፣ ከእነሱ ጋር እየሠራ ነው ገንዘቡን ይቀበል የነበረው። በየካፌው ሌላ ወሬ አልነበረም። አንገታችንን ደፍተን ከረምን። ጥፋት ጥፋት ነው። የሰጠ ሰው መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ያኔም እንደዚያ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። የምኖርበት ስቴት ገዥ የነበሩት ቦብ ማክዶኔል በ2014 ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሪፐብሊካን ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ከአንድ ነጋዴ ከ175 ሺህ ዶላር በላይ ስጦታና ብድር ተቀብለዋል። ሮሌክስ ሰዓት አለበት። የልጃቸው ሠርግ የምግብ ወጪ አለበት። እሳቸው ደግሞ ነጋዴውን ከመንግሥት ሰዎች ጋር አገናኙት፤ በገዥው መኖሪያ ዕቃውን የሚያስተዋውቅበት ዝግጅት ተደረገለት። ጁሪው ጥፋተኛ ናቸው አለ፤ ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ሰው ማገናኘትና ስብሰባ ማዘጋጀት ብቻውን የሥልጣን ሥራ አይባልም አሉ። አንድም ቀን ሳይታሰሩ ነገሩ ተዘጋ።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። እዚህ አገር ሰው የሚታሰርበት ሙስና ትንሹ ነው። ትልቁ ደረሰኝ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ በየሦስት ወሩ ለምርጫ ኮሚሽን ሪፖርት ይደረጋል። ሁለቱም ፓርቲ ውስጥ አለ። እናንተ ምን ትላላችሁ?


የጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉ። አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኛል። እኛ ጋ ጉቦ ሲሰጥ ሰጪም ተቀባይም ያውቀዋል። የሻይ ተባለ፣ እጅ መንሻ ተባለ፣ ለምን እንደሆነ የማይገባው የለም። የአሜሪካ ሎቢ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን የማግባባት ሥራ፣ ሲባል ግን ቢሮ ያለው፣ የተመዘገበ፣ ግብር የሚከፍል ሥራ ነው ይሉኛል። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው እነሱም አገር ይሠራል ማለት ነው?


ሕግ ተማሪዋ (ሜሪላንድ)

የጉለሌ ልጅ፣ ጥያቄህ ትልቅ ነው፤ ትንሽ ልርዘምብህ።

በአሜሪካ ሕግ ጉቦ የሚባለው “ይህን ስጠኝ፣ ያንን አደርግልሃለሁ” የሚል ስምምነት ሲኖር ነው። ስምምነቱ ካልተረጋገጠ የቀረው መዋጮ ነው፣ ወዳጅነት ነው፣ ሐሳብን መግለጽ ነው። በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለምርጫ ገንዘብ ማውጣት ሐሳብን ከመግለጽ መብት ጋር የተያያዘ ነው አለ። ለእጩ በቀጥታ የሚሰጠው ላይ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፤ አንድ ሰው በራሱ የሚያወጣው ላይ ግን አይቻልም ብሎ ከፈለው። የዛሬው ነገር ሁሉ ከዚያች ስንጥቅ ነው የገባው።

ከዚያ 2010 መጣ። በጥር ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ኩባንያና የሠራተኛ ማኅበርም ከእጩው ተለይተው እስከሠሩ ድረስ የፈለጉትን ያህል ማውጣት ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ከሁለት ወር በኋላ የዲሲው ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ቡድን የሚሰጠው መዋጮም ጣሪያ አይኑረው አለ። ሱፐር ፓክ የተወለደው እንደዚያ ነው። በ2024 ምርጫ አንተ ለአንድ እጩ በአንድ ዙር መስጠት የምትችለው 3,300 ዶላር ነበር። ለሱፐር ፓክ ግን መቶ ሚሊዮንም ብትሰጥ ማንም አይጠይቅህም። ዋናው ገደብ ቡድኑ ከእጩው ጋር መመካከር የለበትም የሚለው ነው። እሱም በ2024 ላላ፤ ቤት ለቤት ቅስቀሳ ላይ መመካከር ይቻላል ተባለ።

ጋሼ ባለታክሲው ያነሱት የማክዶኔል ጉዳይ ብቻውን አልቀረም። ኢንዲያና ውስጥ ፖርቴጅ የምትባል ከተማ አለች። ከተማዋ ከአንድ የከባድ መኪና ሻጭ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ የቆሻሻ መኪናዎች ገዛች። ከግዢው በኋላ ከንቲባው ከሻጩ 13 ሺህ ዶላር ተቀበሉ። የማማከር ክፍያ ነው አሉ። ተፈረደባቸው። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ ገለበጠው። ያ የፌዴራል ሕግ የሚከለክለው አስቀድሞ የተስማሙበትን ጉቦ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ በምስጋና መልክ የሚሰጠው ጉርሻ በእሱ አይሸፈንም አሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ውሳኔው የስቴትና የከተማ ሹሞችን የሚመለከተውን ሕግ ብቻ ነው የነካው። የፌዴራል ባለሥልጣን ከሥራው በኋላ ጉርሻ ቢቀበል አሁንም ወንጀል ነው። ስቴቶችም የራሳቸውን ሕግ ማውጣት ይችላሉ። “አሜሪካ ጉቦ ፈቀደች” ብሎ በቲክቶክ የሚዞረው ልክ አይደለም። ግን ሕጉ ጉቦ ብሎ የሚከለክለው እየጠበበ ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም።


ኮሎምበስ43

ኦሃዮ ነኝ። እዚህ የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሁላችንም የመብራት ቢል ውስጥ የገባ ጉዳይ ነው።

ላሪ ሃውስሆልደር ይባላል፤ የስቴቱ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር፣ ሪፐብሊካን። ፈርስትኤነርጂ የሚባለው የመብራት ኩባንያና ተባባሪዎቹ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አንድ ማኅበር ውስጥ አስገቡለት። ያ ማኅበር ለማኅበረሰብ ጥቅም የቆመ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ የሰጪዎቹን ስም የማውጣት ግዴታ የለበትም። በዚያ ገንዘብ የእሱ ወገን የሆኑ እጩዎች ተመረጡ። እነሱ አፈ ጉባኤ አደረጉት። እሱ በ2019 ሕግ አስወጣ። ሕጉ ለሁለት የኑክሌር ማመንጫዎችና ለሌሎች 1.3 ቢሊዮን ዶላር ከሕዝቡ ቢል ላይ እንዲቆረጥ የሚያደርግ ነው። ሰዎች ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ለመሻር ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምሩ፣ ያንኑ ገንዘብ ፊርማውን ለማክሸፍ አዋሉት። በ60 ሚሊዮን 1.3 ቢሊዮን ገዙ ማለት ነው። እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ አይቼ አላውቅም።

ሃውስሆልደር በ2020 ተያዘ፣ በ2023 20 ዓመት ተፈረደበት። ኩባንያው 230 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፈለ። የገረመኝ የሰውየው መከራከሪያ ነው። ይሄ ተራ የምርጫ መዋጮ ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አለ። ስልኮች ባይጠለፉ፣ የውስጥ ሰዎች ባይመሰክሩ፣ ከገንዘቡም ለግል ዕዳውና ፍሎሪዳ ላለው ቤቱ ባያወጣ ኖሮ መከራከሪያው ሊያዋጣው ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ።

የኑክሌሩ ድጎማ በ2021 ተሻረ። የሁለት አሮጌ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ድጎማ ግን ሰውየው እስር ቤት ከገባም በኋላ ከቢላችን ላይ ሲቆረጥ ቆየ። ያውም አንደኛው ማመንጫ ያለው ኢንዲያና ነው።


ባለሱቁ (ዳላስ)

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ሁሉም ምሳሌ ሪፐብሊካን መሆን የለበትም። ኢሊኖይን ተመልከቱ። ማይክል ማዲጋን የሚባለው ዲሞክራት ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አፈ ጉባኤ ነበር። እዚያም የመብራት ኩባንያ ነው። ኩባንያው ለማዲጋን ሰዎች ሥራ የሌለው ደመወዝ ይከፍል ነበር። በ2025 ሰባት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። የኒው ጀርሲ ሴናተር የነበረው ቦብ ሜኔንዴዝም ዲሞክራት ነው። ቤቱ ሲፈተሽ ወርቅ በጡብ መልክ ተገኘ። ጃኬት ኪስ ውስጥ ሳይቀር ጥሬ ገንዘብ ተገኘ። 11 ዓመት።

ሌላው፣ የኩባንያ ገንዘብ ሲነሳ ካፒታሊዝምን ሁሉ በአንድ ከረጢት አትጨምሩ። እኔ በሁለት ሻንጣ ነው የመጣሁት። ነዳጅ ማደያ ሌሊት ሠራሁ፣ ዕቁብ ጣልኩ፣ ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። አራት ሰው ቀጥሬያለሁ። ማንንም ጉቦ አልሰጠሁም፤ ፈቃድ ለማውጣት ፎርም ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ ወሰድኩ። እኔ ካደግኩበት አገር ጋር ሳስተያየው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሄንን የሰጠኝ ነፃ ገበያ ነው። ሌባ በየትኛውም ሥርዓት ውስጥ ሌባ ነው።


ነርሷ (ሚኒያፖሊስ)

ባለሱቁ፣ ሥራህን እግዚአብሔር ይባርክልህ። የራስህን ላብ ማንም አይነካብህም። እኔ የማየው ገበያ ግን የአንተን አይመስልም።

ኢንሱሊን በ1921 ቶሮንቶ ነው የተገኘው። የመብቱ ባለቤቶች ፓተንቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት፤ የሰው ሕይወት ነውና ማንም አይነግድበት ብለው። ዛሬ ገበያውን ከሞላ ጎደል ሦስት ኩባንያዎች ይዘውታል፦ ኢላይ ሊሊ፣ ኖቮ ኖርዲስክ፣ ሳኖፊ። ሁማሎግ የሚባለው አንድ ብልቃጥ በ1996 ሲወጣ 21 ዶላር ነበር፤ በ2019 ዝርዝር ዋጋው ወደ 275 ደርሶ ነበር። መድኃኒቱ ያው ነው። በሥራዬ ላይ ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ለምን ብዬ ስጠይቅ “እስከ ወር መጨረሻ እንዲደርስልኝ እየቆጠብኩ ነው የምወጋው” ይሉኛል። የእኛ አገር እናቶችም አሉባቸው። በዚህ ስቴት ኢንሱሊን ሲቆጥቡ የሞቱ ወጣቶች ነበሩ። የቤተሰቦቻቸው ትግል ነው በ2020 የሚኒሶታን ሕግ ያስወጣው።

ይሄ ከፓርቲ ጋር ምን አገናኘው ብትሉኝ፣ ይኸውላችሁ። በ2003 ኮንግረስ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የጡረተኞችን መድኃኒት እንዲሸፍን ሕግ አወጣ። በዚያው ሕግ ውስጥ መንግሥት ዋጋ መደራደር አይችልም የሚል አንቀጽ ገባ። አስቡት፤ ትልቁ ገዢ ተከራክሮ እንዳይገዛ በሕግ ተከለከለ! መርካቶ አንድ ኪሎ በርበሬ ሳይከራከር የሚገዛ አለ? ሕጉን ካሳለፉት ሰዎች አንዱ ቢሊ ቶዚን ነው፤ የሚመለከተው የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። በ2005 ኮንግረስን ለቀቀና የመድኃኒት አምራቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ማንም አልከሰሰውም፤ ሕግ አልጣሰማ። የጉለሌ ልጅ፣ ልዩነቱ የት ላይ ነው ላልከው እኔ የማውቀው መልስ ይሄ ነው። እጅ መንሻው አስቀድሞ አይሰጥም። ወንበር ሆኖ ይጠብቅሃል።

ያ ክልከላ የተነካው በ2022 ነው፤ ያውም ለተወሰኑ መድኃኒቶች ብቻ። ለጡረተኞች ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ። ሕጉ ያለፈው በዲሞክራቶች ድምፅ ብቻ ነው። የ35 ዶላሩ ጣሪያ የግል ኢንሹራንስ ላላቸውም ይሁን ሲባል ሴኔት ውስጥ 57 ደገፉ፣ 43 ተቃወሙ፤ 60 ስላልሞላ ወደቀ። የተቃወሙት ሁሉ ሪፐብሊካን ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ማለት አልችልም፤ ታካሚዎቼ ላይ ልዩነቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ዲሞክራቶቹም ንጹሕ አይደሉም። በ2021 ድርድሩ ሰፋ ብሎ ኮሚቴ ሲቀርብ ሦስት ዲሞክራቶች ከሪፐብሊካን ጋር ሆነው ተቃወሙ። ሕጉ ተመናምኖ ነው የወጣው።


ኦክላንድ ነጂ

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ደግሞ ስለ ነጂዎቹ ልናገር፤ እዚህ ውስጥ ግማሻችሁ ነድታችኋል።

ካሊፎርኒያ በ2019 ሕግ አወጣች። በአፕ የሚሠራ ሰው እንደ ተቀጣሪ ይቆጠር የሚል ነው። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ አጥ ዋስትና ይኖረን ነበር። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና ጓደኞቻቸው በ2020 ምርጫ ላይ የራሳቸውን ሕግ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ ፕሮፖዚሽን 22 የሚባለው። ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡበት። በካሊፎርኒያ ታሪክ እስከዚያ ድረስ እንደዚያ ገንዘብ የፈሰሰበት ሕዝበ ውሳኔ አልነበረም። የተቃዋሚው ወገን የያዘው የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አፑ ራሱ ቀስቃሽ ሆነ፤ ለሥራ ስትከፍተው የምርጫ መልእክት ነው የሚቀበልህ። በ58 ከመቶ ገደማ አለፈ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 አጸናው። ከሁሉ የሚብሰው፣ ምክር ቤቱ ሕጉን ላሻሽል ቢል ከስምንት ሰባት እጅ ድምፅ ያስፈልገዋል የሚል አንቀጽ ውስጡ አለ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ከዚያ ይቀላል።

ካሊፎርኒያ የዲሞክራቶች ስቴት ናት፤ ታዲያ የሠራተኛ ፓርቲ ነን የሚሉት የት ነበሩ? ባይደን ራሳቸው ፕሮፖዚሽን 22ን ተቃውመው ነበር፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። ግን የኦባማን የ2008 ምርጫ የመሩት ዴቪድ ፕላፍ በ2014 የኡበር ከፍተኛ ኃላፊ ሆነዋል። የኡበር ዋና የሕግ ኃላፊ ቶኒ ዌስት የካማላ ሐሪስ እኅት ባል ናቸው፤ በ2024 ምርጫዋን አማክረዋል። ሁለቱም ሕጋዊ ነው። እኔ ግን ወገቤን ታምሜ ሦስት ሳምንት ስተኛ አንድ ሳንቲም ያልከፈለኝ የምሠራለት ድርጅት፣ ስሙ ይቅርና፣ ከሁለቱም ፓርቲ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። እኔ የምቀመጥበት ማዕድ የለም።


ባለሱቁ (ዳላስ)

ኦክላንድ፣ እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። ስለ ነጂ ያልከው ልቤን ነካኝ፤ እኔም ነድቻለሁ።

እውነቱን ልናገር። ከላይ ስጽፍ የሸሸሁት ነገር አለ። ከሱቄ ሁለት ማይል ላይ አንድ ትልቅ መደብር አለ። አንድ ካርቶን ለስላሳ እኔ ከአከፋፋይ ከምገዛበት ዋጋ በታች ነው ለደንበኛ የሚሸጠው። እሱ ቸርቻሪ ነው፣ እኔም ቸርቻሪ ነኝ። አንዳንዴ ራሴ እዚያ ሄጄ ገዝቼ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጣለሁ። ሚስቴ “ይሄ ንግድ ነው ወይስ ተላላኪነት?” ብላኛለች። እኔ ብዙ ስለማይገዛ ነው፣ የንግድ ሕግ ነው ብዬ ነበር የማስበው።


ሕግ ተማሪዋ (ሜሪላንድ)

ባለሱቁ፣ እንዳንተ ላለው ሱቅ የተጻፈ ሕግ እኮ አለ። በ1936 ነው የወጣው፤ ሮቢንሰን ፓትማን ይባላል። አምራች ለትልቅ ገዢ ብቻ የተለየ ዋጋ ሰጥቶ ትንሹን እንዳይጎዳ የሚከለክል ሕግ ነው። ብዙ ስለገዛ ወጪው ከቀነሰ፣ በዚያ ልክ መቀነስ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ያለፈው ነው ክልክሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን መንግሥት ሥራ ላይ ማዋሉን ከሞላ ጎደል ተወው። አልተሻረም። መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። በሪፐብሊካንም በዲሞክራትም ጊዜ እንደዚያው ነበር።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ በባይደን ዘመን መጨረሻ፣ በጥር 2025፣ ፔፕሲን በዚህ ሕግ ከሰሰ። ለአንድ ትልቅ መደብር የተለየ ጥቅም ይሰጣል የሚል ነበር። በግንቦት 2025 አዲሱ ኮሚሽን ክሱን አነሳው። የአንተን ዓይነት ጉዳይ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሙስናን በፖስታ ውስጥ ባለ ገንዘብ ብቻ አንለካው የምለው። ያለን ሕግ ዝም ብሎ እንዲተኛ ማድረግም የገንዘብ ኃይል ሥራ ነው።


ባለታክሲው (ቨርጂኒያ)

ልጆቼ፣ ተባረኩ። ባለሱቁ፣ አንተ እንደዚያ በግልጽ በመናገርህ አከበርኩህ። እኔም ካፒታሊዝም ይጥፋ አላልኩም፤ መኪናዬን የገዛሁት ሠርቼ ነው። ነገር ግን ሃይ ባይ ከሌለው ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል።

ይሄ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። በ1896 ማርክ ሐና የሚባል ሰው ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደረው ለማኪንሊ ምርጫ ከየባንኩና ከየኩባንያው እንደ ግብር ሰብስቧል። የሮክፌለሩ ስታንዳርድ ኦይል ብቻውን 250 ሺህ ዶላር ሰጠ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ይሄ ጉድ ነው! ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ1907 ኩባንያ ለፌዴራል እጩ በቀጥታ እንዳይሰጥ ሕግ ወጣ። በ1911 ስታንዳርድ ኦይል ራሱ ወደ 34 ኩባንያ ተሰነጠቀ። ያኔ ተችሏል። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።


የጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ብዙ ተማርኩ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። እናንተ እኮ ድምፅ አላችሁ! እኛ ስንት ነገር የምንመኘው ያ ነው። ሰውየው ለገንዘብ አደረ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለምን አታወርዱትም?


ኮሎምበስ43

ልክ ነህ፣ ማውረድ ይቻላል። ግን የሚወርደው ማን እንደሆነ እይ። የእኛ ሴናተር የነበረው ሼሮድ ብራውን ዲሞክራት ነው፤ የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ክሪፕቶ በሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ላይ ጥብቅ ነበር። በ2024 የክሪፕቶ ኩባንያዎች ያቋቋሙት ፌርሼክ የሚባለው ሱፐር ፓክ ወገን እሱን ለመጣል 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፈሰሰ። ማስታወቂያው ሌሊትና ቀን ነበር። ስለ ክሪፕቶ ግን አንድ ቃል አልነበረበትም። ስለ ሌላ ሌላ ነገር ነው። ብራውን ወደቀ። የወደቀው በዚያ ገንዘብ ብቻ ነው አልልም፤ ኦሃዮ ራሷ ወደ ሪፐብሊካን ሄዳለች። ግን የቀሩት ሴናተሮች ትምህርቱን ወስደዋል። ካሊፎርኒያ ላይም በሴኔት ቅድመ ምርጫ ዲሞክራቷ ኬቲ ፖርተር ላይ 10 ሚሊዮን አውጥተዋል። ፌርሼክ ለሁለቱም ፓርቲ ነው የሚሰጠው። ሪፐብሊካን ይሁን ዲሞክራት ግድ የለውም፤ የእሱ ይሁን እንጂ።

ኢላን መስክማ ብቻውን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ለትራምፕና ለሪፐብሊካኖች ያወጣው። ከምርጫው በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚቀንስ ኃላፊነት ተሰጠው፤ የራሱን ኩባንያዎች የሚቆጣጠሩት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በሐሪስ በኩልም ቢሊየነሮች ነበሩ፤ ፊውቸር ፎርዋርድ የሚባለው የእሷ ሱፐር ፓክ በመቶ ሚሊዮኖች አውጥቷል። እኔ ድምፅ የሰጠሁት በኅዳር ነው። እነሱ ድምፅ የሰጡት ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ማን እጩ ይሆናል የሚለው ሲወሰን ነው።


ራኒየር (ሲያትል)

ዘግይቼ መጣሁ፤ ሁሉንም አነበብኩ። ስለ መፍትሔ የተጻፈ ትንሽ ስለሆነ የእኛን ከተማ ልጨምር።

ሲያትል በ2015 በሕዝብ ድምፅ አንድ ነገር ጀመረች። በምርጫ ዓመት ለተመዘገበ መራጭ በፖስታ አራት ቫውቸር ይላካል፤ ሌላው ብቁ ነዋሪ አመልክቶ ያገኛል። እያንዳንዱ 25 ዶላር ነው። ራስህ ገንዘብ አታወጣም፤ ለከተማ ምክር ቤት ለሚወዳደር ለምትወደው እጩ ትሰጠዋለህ፣ እጩው ከከተማው ገንዘቡን ይቀበላል። እጩው ያንን ለመቀበል ከሌላው የሚወስደውን መዋጮ ይገድባል። ከዚያ በፊት ሰፈራችን እጩ የሚባል አይረግጠውም ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያልቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ቡና ቤት ገብተው ከእናቶች ጋር ይቀመጣሉ። የአንዲት የቤት ሠራተኛ መቶ ዶላር የሚፈለግ ነገር ሆነ።

ፍጹም ነው አልልም። በ2019 አማዞን በከተማው ምርጫ ላይ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለአንድ ቡድን ሰጠ፤ ያንን ቫውቸሩ አያቆመውም። ነገር ግን በዚያ ዓመት አማዞን ከደገፋቸው ብዙዎቹ ተሸነፉ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር።


የሲታክ እናት

ራኒየር ወንድሜ፣ እኔ ሥራዬ ጎረቤት ከተማ ሲታክ ቢሆንም ቤቴ ሲያትል ውስጥ ነው። ያ ወረቀት ቤታችን በፖስታ መጥቶ ማስታወቂያ መስሎኝ ጣልኩት። ግን እኔ ዜግነት ገና አልወሰድኩም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ድምፅ መስጠት አልችልም። ቫውቸሩ ለኔ ይሠራል?


ራኒየር (ሲያትል)

ይሠራል እኅቴ። 18 ዓመት ከሞላሽ፣ ሲያትል ከኖርሽና ግሪን ካርድ ካለሽ ይገባሻል። የጣልሽውም ችግር የለውም፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰው አስቀድሞ ማመልከት ስላለበት ለከተማው ቢሮ ደውለሽ የማመልከቻ ፎርም ላኩልኝ ማለት ትችያለሽ፣ በአማርኛም የተዘጋጀ ማብራሪያ ጠይቂ። የሚቀጥለው ሲመጣ ፖስታውን ሳትከፍቺ እንዳትጥዪው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ ፎርሙን ይዘሽ ነይ፣ አብረን እንሞላዋለን።